አባዬ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ

በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር ይቆጠራል። ወንዱና ሴቷ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንዳይኖራቸው፣ በአባትም በእናትም ወገን ወደ ላይ እየወጣ የሚቆጥር አዋቂ ሰው ይጠራል። ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ያ ሰው አባቴ ነበሩ። እሳቸው ሳይቆጥሩ የሰርግ ጠላ አይጠነሰስም ነበር።

ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ላይ ልብስ መስፊያ ቤት ከፈትኩ። እናቴ ስታርፍ አባዬን ከገጠር አምጥቼ አብረን መኖር ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ መርሳት መጣ። እኔን በአክስቴ ስም ይጠሩኛል። ከዘራቸውን ቤተ ክርስቲያን ጥለው ይመጣሉ። ሳወራቸው «እ?» ይሉና ዝም ይላሉ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ሲዳር፣ አባዬ እዚያው ተቀምጠው እያሉ ሽማግሌዎቹ ሌላ ቆጣሪ አስመጡ። አባዬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አቀረቀሩ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ቆጣ ቆጣ የምትል ሴት ናት። የደም ግፊታቸውን ስትለካ ከፍ ብሏል። ጆሯቸውን ስታይ ኩክ ደፍኖታል። አጥባ ስታወጣላቸው አባዬ ዘለል ብለው፣ «ኧረ ቀስ በይ! ምን ያስጮህሻል?» አሏት። እሷ እኮ እንደ ቅድሙ ነበር የምታወራው። ሳቃችንን ለቀቅነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

«ምንም!» አልኩ በኩራት። «ውሃ እንኳ ቀድተው አይጠጡም። ጫማቸውንም የማስርላቸው እኔ ነኝ።»

«ጎሽ! ሁሉን አንቺ ከሠራሽው የእሳቸው አእምሮ ምን ይሥራ?»

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ማክበር ማለት ሥራውን ሁሉ ከእጁ መቀማት ነው፤ እኔ ታዲያ ከየት ልወቀው? የግፊት መድኃኒት ታዘዘላቸው። ጨው ቀንሺ፣ በእግራቸው ይሂዱ፣ ከሰው ጋር ይጫወቱ፣ አእምሮ የሚያሠራ ነገርም ይሥሩ አለችኝ። «አይረሱም ብዬ አልምልልሽም» አለች፤ «ግን ግፊቱ ሲስተካከል፣ ጆሮ ሲሰማ፣ እግርም ሐሳብም ሲሠራ አእምሮ ቶሎ አይደክምም።»

ጨው የቀነስኩ ቀን ቤታችን ጦርነት ሆነ። «ይኼ ወጥ ምን አጥፍቶ ነው የተቀጣው?» ይላሉ አባዬ። እኔም ግትር ነኝ፣ አልጨመርኩም። ጠዋት ጠዋት ድንች ይግዙ ብዬ ገበያ እልካቸዋለሁ፤ ከእራት በፊት ደግሞ ዘር አስቆጥራቸዋለሁ። አብሬ እየቆጠርኩ አውቄ ስሳሳት «ምን ሲደረግ!» ብለው ይጮኹብኛል። አንዲት ሴት ላይ ሲደርሱ ግን ሁልጊዜ ይስቃሉ። የቅድመ አያታቸው እህት ናት። ጉና ተድራ ስትሄድ በቅሎዋ ዳገቱን አልወጣም ብላ፣ ሙሽሪት በእግሯ ገባች።

ድንቹን የሚሸጥላቸው የጉና ሰው ነበር። ጆንያውን ተሸክሞ አባዬን እስከ ቤት ያደርሳቸዋል። ቁመቱ! ሳቁ! እኔም በር ላይ ቆሜ ድንቹን እያገላበጥኩ መቆየት አበዛሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ከዓረብ አገር የመጣሁት ትዳር ፈልጌ ነው። ሽማግሌ ሲልክልኝ በደስታ የምገባበት ጠፋኝ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡና የሰውየውን ዘር መናገር ጀመሩ። አባዬ በጣታቸው እየቆጠሩ ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ ቆሙ። የረሱ መሰለኝ።

«አይሆንም» አሉ አባዬ። «በአምስተኛው ቤት ይገናኛሉ። በቅሎ እምቢ ያለቻት ሙሽራ የእሱ ቅድመ አያት እናት ናት። እኛ ደግሞ የእህቷ ልጆች ነን።»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «እርጅና ነው መቼም። ይረሳሉ ሲባል ሰምተናል፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ሌላ ሰው ይቁጠረው?» አሉኝ።

«አዎ» ብዬ ራሴን ነቅነቅ ባደርግ ይበቃ ነበር፤ ባል አገባ ነበር። አባዬን አየኋቸው። ጋቢው እንደዚያን ቀን ወደ አፍንጫቸው መውጣት ጀምሯል።

«ተሳሳትኩ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። እውነት ራሳቸውን ተጠራጥረዋል።

«አንቱ አልተሳሳቱም አባዬ። እኔም አብሬዎ ስቆጥር ከርሜያለሁ። ዘመዳሞች ነን» አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ለሰውየው ይሁን ለአባዬ እኔም አላውቅም። አባዬ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ፣ «እርጅና ነው» ያሉኝ ሰው ከደጅ ተመልሰው አባዬን የልጅ ልጃቸውን ዘር እንዲቆጥሩላቸው ለመኗቸው።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ ጫማቸውን ራሳቸው አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ገበያ» አሉ። «ዘመድ ያልሆነ ድንች ሻጭ ልፈልግልሽ።»