የቤዝ ጊታሩ ቀለም ሳይደርቅ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት አንድ ቤዝ ጊታር ላይ የተቀባ ቀይ ቀለም ሳይደርቅ ነው። ሌላው ስደተኛ የወጣበትን ማታ ሲያወራ ጨረቃዋን ወይም የእናቱን እንባ ያነሳል። እኔ የማስታውሰው ዝናቡን ነው። ቀበና ያለው ቤታችን ቆርቆሮ ላይ የነሐሴ ዝናብ ይወርዳል፣ እህቴ ሰናይት ሁለት ሸሚዝና ትንሽ በሶ በጨርቅ ትቋጥራለች፣ እኔ ደግሞ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ዝናቡን አታቁምብኝ» እያልኩ እለምናለሁ። ፀሐይ ከወጣች ቀለሙ ይደርቃል፤ ቀለሙ ከደረቀ ጊታሩ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ እኔ አለቀልኝ።

ከሥሩ ልንገራችሁ። ሲግናል አካባቢ የነበረችው ቤተ ክርስቲያናችን የታሸገች ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ዕቃውን ሁሉ ተረከበ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ የምጫወተው ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር። ሽቦው ተበጥሶ ልጠግነው ቤት ወስጄው ነበር። አንድ ሚስዮናዊ ትቶት የሄደ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ የአሜሪካ ዕቃ ነው፤ ቀይ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ በሩቅ ያውቀዋል። ሊቀመንበሩ በየስብሰባው «ያ ቀዩ የጴንጤዎች ጊታር የት ገባ?» ማለት ልማድ ሆነበት።

በጆንያ ጠቅልዬ እንጦጦ ወጣሁ። አጎቴ ጋሽ በቀለ እዚያ ያርሳሉ፤ የአናጺነት ሙያም አላቸው። ሃይማኖቴን አይወዱትም፣ እኔን ግን ይወዱኛል። ጊታሩን አገላብጠው አዩና ለአራት ክር ይሄ ሁሉ እንጨት ምን ያደርጋል ብለው ሳቁብኝ። ቀዩን በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቅነው፤ ክንዴ እስኪዝል። ከዚያ ቨርኒሽ ደራርበንበት ቡናማ አደረግነው። የወለደው እንኳ አይለየውም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ጊታሩ የካ ሚካኤል ጀርባ፣ እትዬ አስካለ ቤት ኖረ። የምንጸልየው እሳቸው ቤት ተደብቀን ነው። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው፤ እኔም የምጫወተው ያለ አምፕሊፋየር። ቤዝ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ደግሞ ከዝንብ አይበልጥም። እትዬ አስካለ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የእኛ ሹክሹክታ አይደርሳቸውም። ስለዚህ አጠገቤ ይቀመጡና መዳፋቸውን ጊታሩ ሆድ ላይ ያሳርፋሉ። እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ መዝሙሩ የቱ እንደሆነ ያውቁታል። ከዝማሬ የቀራቸው ይህ ብቻ ነበር። ችግሩ፣ መንፈሳቸው ሲነካ ግቢውን የሚያናጋ «አሜን» ያሰማሉ፣ ሰናይትም ሮጣ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች።

ስሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ጊታሩ ይሸጥና በዋጋው መስከረም ላይ ከአገር ልውጣ የሚል ሐሳብ መጣ። ወንድሞች ተከራከሩ። የጌታ ንብረት እንዴት ይሸጣል አሉ። እትዬ አስካለ ምን እየተባለ እንደሆነ ሰናይትን ጠየቁና፣ በዚያ በማይደበቅ ድምፃቸው፦

«ለጌታ እንጨት ሞልቶታል። ልጁን ግን ከወሰዱት አይመልሱልንም። ሽጡት» አሉ።

ሬዲዮኑ ከፍ አለ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ፤ ማን ምን እንደሚያጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ወጣት ነበርኩ፣ መኖር ፈለግሁ፣ እምቢ አላልኩም።

በዚያ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያ የሚገዛ ማን ነው? አጎቴ ያገኙት ገዢ የራሳችን ቀበሌ ኪነት ቡድን ሆነ። ኃላፊው ጓድ ታምራት ለሰፈሩ አዲስ ስለሆነ አያውቀኝም። አጎቴ ጊታሩን የሟች ዘመዳቸው ነው አሉት፤ እኔ ድምፁን የማሳይ ሰው ሆኜ ሄድኩ። አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼ አንድ ጊዜ ብነካው አዳራሹ ጮኸ። ስንት ጊዜ ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ እንደተያዘ ሌባ ደንግጬ እጄን አነሳሁ። ታምራት ምን ያስፈራሃል፣ ጮክ አድርገው እንጂ አለኝ። ተጫወትኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ላለቅስ ነበር።

ገንዘቡ አጎቴ ኪስ ከገባ በኋላ ታምራት ጊታሩን ዞር ዞር አድርጎ አየ።

«ድምፁ ግሩም ነው። ቀለሙ ግን የቢሮ ጠረጴዛ አስመሰለው። ለአብዮት በዓል ቀይ አስቀባዋለሁ» አለ።

አጎቴን አየኋቸው፣ አጎቴም አዩኝ። ያ ሁሉ መፋቅ! በዚህ ዝናብ ቀለም እንደማይደርቅ አጎቴ በትሕትና ሊያስረዱት ሞከሩ፤ ሰውዬው ዛሬውኑ ጋራዥ እወስደዋለሁ ብሎ ነገሩን ዘጋ። ጊታሩ ቀይ ሆኖ ሊቀመንበሩ ፊት ከቆመ ከማን ተገዛ ማለቱ አይቀርም። የመስከረሙ መንገድ በዚያው ዕለት ማታ ሆነ። እትዬ አስካለን እንኳ አልተሰናበትኳቸውም።

ሊነጋጋ ሲል፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ በጭነት መኪና፣ የሹፌር ረዳት መስዬ ወደ ሞያሌ ጉዞ ጀመርኩ። ዲላ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ሰው በፀሐይ ሲናደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድንበሩን በእግሬ እስካልፍ ድረስ ያ ቀለም በሐሳቤ እየደረቀ ነው።

ናይሮቢ ብርዱ እንደኛ ነው፣ ምግቡ ግን ኡጋሊ ነው፤ ገንፎ ይመስላል፣ ቅቤና በርበሬው የተረሳ ገንፎ። ሻዩን ከወተት ጋር ያፈሉታል። ፖሊሱ መንገድ ላይ ያስቆምህና በፈገግታ «ኪቱ ኪዶጎ» ይላል፣ ትንሽ ነገር ጣል አድርግ ማለቱ ነው። የቤት አከራዬ ማማ ዋንጂኩ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሙዚቀኛ ነኝ አልኩ። እዚህ ቤት ጩኸት የለም አለች። ዓመታት ተጫውቼ ጎረቤት ሰምቶኝ እንደማያውቅ ማልኩላት።

«እንግዲያው ጎበዝ ሙዚቀኛ አይደለህም» አለችኝ።

አንድ ቀን ከተማ ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ስለ ጊታሩ ባወራ ባለ ሱቁ ራሱን ያዘ። እንዲህ ያለው አሮጌ ዕቃ «ቪንቴጅ» ይባላል፣ የሚወደደው የፋብሪካው ቀለም ሲኖርበት ነው፣ ማን ፋቀው አለኝ። አብዮትንና ፀረ አብዮትን በምን እንግሊዝኛ ላስረዳው? አሁን እዚህ አንድ ቤተ ክርስቲያን በተውሶ ቤዝ እጫወታለሁ። በር ተከፍቶ ነው የሚዘመረው። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እጄ ክሩን ያፍነዋል። ተው ብለው አይተወኝም፤ ሌሊትም በር ሲንኳኳ እንቅልፌ እንዲሁ ይቆረጣል።

ሽልንግ ሳጠራቅም ከርሜ ፖስታ ቤት ተሰለፍኩና የጎረቤት ስልክ ላይ ሰናይትን አስጠራኋት። ስልክ ላይ ስለ ጸሎት አይወራም፤ ወንድሞችንና እህቶችን «ቤተሰቡ» እንላቸዋለን። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቅኳት ሊቀመንበሩ ጊታሩን አይቶ ምን እንዳለ ነበር።

«አጨበጨበ» አለች።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም። ፊት ለፊት ተቀምጦ አጨበጨበ። አልለየውም።»

ልሳቅ ወይስ ልበሳጭ አላወቅሁም። ከዚያ ቤተሰቡ እንዴት ነው አልኳት። ድምጿ ቀነሰ።

«እትዬ አስካለ አስቸግረውናል። ቤተሰቡ እሳቸው ቤት ሲሰበሰብ አብረው አይቀመጡም። ኪነቱ በታየ ቁጥር ግን ይሄዳሉ፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ሥር ነው የሚቀመጡት። ያ ሁሉ ቀረርቶና ፉከራ አልቆ ሰው ሲነሳ ነው የሚነሱት። ቤተሰቡ ከፋው። ወደ እነሱ ዞሩ፣ ዓለም ወሰዳቸው እያሉ ነው። እሑድ የሚገሥጽ ሽማግሌ ሊልኩባቸው ነው።»

«አንቺ አላነጋገርሻቸውም?»

«አነጋገርኳቸው። ከእነዚያ ሰዎች ዘንድ ምን ይሠራሉ አልኳቸው። ‹እዚያ ይሰማኛል› ነው ያሉኝ።»

ሽማግሌው እንዳይሄድ አድርጊ፣ አይንኳቸው በያቸው ልል አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ሰዓትህ አልቋል አለች። ጀርባዬ ያለው ሰውዬ መነጫነጭ ጀምሯል። ኪሴን ዳሰስኩና የቀረችኝን ሽልንግ ይዤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄጄ ቆምኩ።