የሩት ኤርሳዶ ፈረንሳይኛ

ጎረቤቴን ሩት ኤርሳዶን የበደሏት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ሰድቤያቸው ይወጣልኝ ነበር።

ሩት ወላይታ ገጠር ያለችው የጉኑኖ ልጅ ናት። ፈረንሳይኛን የለመደችው ዱቦ ካቶሊክ ሚሲዮን ከነበሩ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነው። ሶዶ ስትመጣ ፈረንሳይኛ የሚማር ስላልነበረ እንግሊዝኛ አስተማረች። በኋላ አዲስ አበባ ሄዳ በፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍና ባህል ማስተርሷን ሠራች፤ ያጠናችውም ከገጠር ወጥተው መመለስ ስላቃታቸው ሴቶች የተጻፉ ልቦለዶችን ነበር። እሷ ግን መመለስ ፈለገች። ሶዶ ያለ አንድ ኮሌጅ የፈረንሳይኛ ትምህርት ሊከፍት ነበርና ሰኞ ጀምሪ አላት። የምትፈልገው ሥራ ይኸው ብቻ ነበር።

ዋዜማው እሑድ ነው። የእኛ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰው የውጭ ቋንቋ የተማረ ሁሉ ለወንጌል የተጠራ ይመስለዋል። ሽማግሌው ጋሽ ዮሴፍ ማይኩን ይዘው፣ "ጌታ እህታችንን ሩትን ፈረንሳይኛ ወደሚናገሩት ወደ ኮንጎ ሰዎች ጠርቷታል፤ ትምጣና እጅ ጭነንባት እንላካት" አሉ። ጉባኤው እልል አለ። እኛ ዘንድ እጅ የተጫነበት ሰው ወደኋላ ካለ ከእግዚአብሔር እንደተጣላ ይቆጠራል። አባቷ ወንጌላዊ ኤርሳዶም እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

ሩት መጣች፤ ግን አልተንበረከከችም።

"ጋሽ ዮሴፍ፣ ምን እንዳጠናሁ ያውቃሉ?"

"ፈረንሳይኛ ነዋ።"

"መጻሕፍቱ ስለ ምን እንደሆኑስ?"

ጋሽ ዮሴፍ ወደ ኤርሳዶ ዞሩ።

"አባባ፣ እርስዎስ?"

ኤርሳዶ የዘረጉትን እጅ አወረዱ።

"እንግዲያው የጠራችሁኝ እናንተ ናችሁ እንጂ ጌታ አይደለም" አለችና ወጥታ ሄደች።

ሰኞ ማስተማር ጀመረች። ከተማው ግን ምላሱን ሳለባት፤ ፊደል ቆጥራ ጌታን ካደች ተባለ። ዕድሜዋን የፈጀችበትን ነገር ሳያማክሯት ለራሳቸው ጉዳይ ሲያውሉት ነውር ያላለ አፍ፣ እሷ እምቢ ስትል ነውር አለ። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል።

በቀጣዩ እሑድ ጋሽ ዮሴፍ፣ "ለጠፋችው እህታችን እንጸልይ" አሉ። ሁሉም ዐይኑን ጨፈነ። ወንጌላዊ ኤርሳዶ ብቻ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነሡ።

"ልጄ አልጠፋችም" አሉ። "እዚሁ ሶዶ ናት፤ እያስተማረች ነው። አባቷ ሆኜ ምን እንዳነበበች አላውቅም። አሁን ልጠይቃት እሄዳለሁ።"

ጸሎቱ ሳይጀመር፣ በመሃል መተላለፊያው ወጡ።