«ከዚያ» ነው ያልኩት

ከክፍል እየጎተቱ አላወጡኝም፤ ያን ያህል ጨዋዎች ነበሩ። ደወል እስኪደወል በረንዳ ላይ ጠብቀው፣ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲወጡ ገቡ። ሁለት ናቸው፤ የሲቪል ልብስ ለብሰዋል። አንደኛው ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። የእኔ ጥቁር ሰሌዳ ነው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አልኩት።

«በይ ተከተይን። ቦርሳሽን ተዪው።»

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። አብረን ዓመታት ሠርተናል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም የእጅ ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

ፎቶው ላይ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ፊደል አይጠፋቸውም፤ ጮክ ብለው፣ ሳይደናቀፉ ያነባሉ። አንብበው ሲጨርሱ «ምን ይላል?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን ጣሪያ ያያሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛ የመንገድና የገበያ ቋንቋቸው ነው። ስለዚህ ጽሑፍ እንዴት እንደሚገነባ አስተምራቸው ነበር። ይህ አንቀጽ የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ይተርካል? ሁለት ነገር ያወዳድራል? ችግር አንስቶ መፍትሔ ይጠቁማል? ወይስ ምክንያትና ውጤት ነው የሚያሳየው? አያያዥ ቃላቱን ፈልጉ፣ እነሱ ይነግሯችኋል እላቸዋለሁ።

የመማሪያ መጽሐፉ ለምክንያትና ውጤት የሰጠው ምሳሌ ስለ ደን መጨፍጨፍ ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ሲሻገር ያደገ ልጅ ደን የት ያውቃል? ስለ ውሃ ጻፍኩላቸው። «በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ምክንያቱም መስመሩ አርጅቷል። በዚህም የተነሳ እናቶች ጀሪካን ይዘው ሲንከራተቱ ይውላሉ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። አንዷ ተማሪ ደስ ብሏት ሰሌዳውን በስልኳ አነሳችው። በእሷ አልፈርድም፤ ትምህርት የገባው ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገችው።

ችግሩ፣ ይህን ትምህርት ከመስጠቴ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የአንድ ሰፈር ሴቶች ባዶ ጀሪካን ደርድረው አስፋልት ዘግተው ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ ጋራዥ የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ የፈሰሰበት ዘይት ገና አልለቀቀም። መስኮት የለውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ድሬ ላይ በቀትር ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ሻሻቸውን ፈትተው በጥግ በጥግ ተጋድመዋል። መሀል ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን አለ። ውሃ አጣን ብለው የወጡ ሴቶች ከዚያች ጀሪካን በክዳን እየለኩ ይጠጡ ነበር። ማንም አልሳቀበትም፤ እኔም አሁን ሳወራው አልስቅም።

አንዲት ቀጭን፣ ረጅም ሴት ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ነጭ ጋውኔን አየት አድርጋ፣

«ሐኪም ነሽ?» አለችኝ።

«አስተማሪ ነኝ።»

«መዓሊም!» አለች፤ በሶማሊኛ መምህር ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም።

ከጀልዴሳ የግመል ወተት እያመጣች አስፋልት ዳር የምትሸጥ ሴት ናት። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ሴቶቹ መንገድ የዘጉት እሷ ከምትቀመጥበት ፊት ለፊት ነበርና አብረው አፈሷት።

«እኔም ማንበብ እችላለሁ» አለችኝ፣ ገና በቅጡ ሳንተዋወቅ። «ወላሂ! እዚሁ ድሬ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው የተማርኩት። የሱቅ ታፔላ ሳነብ ነው መንገድ የምሄደው።»

ጉድ የሠራት ይኸው ነው። ማንበብ ለማይችሉት ሴቶች የሰጡት ቃል ሰው ባለበት ይነበብላቸዋል፤ ከዚያ በጣታቸው ይፈርማሉ። እሷ ግን መርማሪው ሲጠይቃት «እችላለሁ» አለች። «እንግዲያው አንብቢና ፈርሚ» ብሎ ወረቀቱን ገፋላት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። የቢሮ አማርኛ ስለሆነ ምን እንደሚል አልገባትም። አልገባኝም ማለት አፈረች። ራሴን አሞኛል፣ ነገ እፈርማለሁ አለችው።

«የሚለውን ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። በጆሮዋ የሰማችውን ነገር የምትረሳ ዓይነት ሴት አልነበረችም። «ተጠርጣሪዋ ወተት ይዛ በአስፋልቱ ዳር በመቀመጥ ሰዎችን ስትጣራ ቆይታለች። በዚህም የተነሳ ሕዝብ በመሰብሰቡ መንገዱ ተዘግቷል።»

«አንቺ ለመርማሪው ምን ነበር ያልሽው?»

«እኔማ፣ ወተት ይዤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ጠራሁ። ከዚያ ሰው መጣ፤ ጀሪካን ደረደረ፤ መንገድ ተዘጋ። በግርግሩ ወተቴ ተደፋ። ይኸው ነው።»

ተቀምጣ ነበር፤ እውነት ነው። ሰው ጠርታለች፤ ደንበኛ። ሕዝብ ተሰብስቧል፤ መንገድ ተዘግቷል። አንድም የፈጠራ ወሬ አልጨመሩበትም። የለወጡት መጋጠሚያውን ብቻ ነው።

ጋውኔ ኪስ ውስጥ ስብርባሪ ጠመኔ ነበረኝ። ሲፈትሹኝ ንቀው ትተውታል። ሲሚንቶው ላይ «ከዚያ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ደግሞ «በዚህም የተነሳ»።

«አንብቢያቸው።»

አነበበቻቸው።

«ወተት እሳት ላይ ጣድሽ እንበል። ከዚያ አዛን አለ። አዛኑ ያለው አንቺ ወተት ስለጣድሽ ነው?»

«አስተግፊሩላህ!» ብላ ሳቀች። «አዛን ሰዓቱ ደርሶ ነዋ!»

«ጥሩ። አሁን ደግሞ ወተቱን ጥደሽ ረሳሽው። በዚህም የተነሳ ገነፈለ።»

«ይሄማ ልክ ነው። እኔ ነኝ ያገነፈልኩት።»

ይህን እንዳለች ፈገግታዋ ጠፋ። የጠመኔውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች በልቧ አነበበችው። ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«መዓሊም፣ ሕዝቡን ያገነፈልኩት እኔ ነኝ ነው የሚለው?»

«አዎ» አልኳት።

ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሲገባቸው የልጆቼ ፊት ይበራል። እንዲህ በገባው ነገር የሚጨልም ፊት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሌሎቹ ሴቶች ተጠጉን። የተነበበላቸውን የሚያስታውሱትን ያህል ነገሩኝ፤ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የሆነውን ተናግረዋል፤ ጽሑፉ ግን የሆነውን ሁሉ እነሱ እንዳመጡት አድርጎ አያይዞታል። እነሱም ፈርመው ጨርሰዋል። አንዲት ጠና ያለች እናት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

«ተይን አቦ፣ ልጄ» አለች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ። «እኛ ፈርመናል። አሁን ማወቁ ምን ይጠቅመናል?»

ጠመኔውን ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። እኔን መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጡኝ፤ እሷ ገባች። ሙቀቱ ስለሚያፍን በሩን አልዘጉትም። መርማሪው ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቬንትሌተር ታጉረመርማለች።

«ራስሽ ተሻለሽ?» አላት። ከልቡ የጠየቃት ይመስላል።

ወረቀቱን ሳበችና ማንበብ ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። «በዚህም» አለች። «የተነሳ።» ጣቷን እዚያው ላይ ተከለች።

«ይህ የኔ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ይህ ቃል። እኔ ‹ከዚያ› ነው ያልኩት።»

«ኧረ እናቴ፣ ያው ነው እኮ።»

«ያው ከሆነ ‹ከዚያ› ብለህ ጻፈው።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ያው ነው ካለ ለምን እንደማይቀይረው ሊነግራት አልቻለም። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ፣

«ይህን ማን ነው ያስተማረሽ?» አላት። ድምፁ ልስላሴውን አልተወም።

ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። «የማታ ትምህርት» አለች።

አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ሰማኋት። ጀግና አልነበርኩም። ግን ትምህርቱ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ዕዳውን እንዲከፍልልኝ መቀመጥ አስጠላኝ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አልኩ፣ ከውጭ ሆኜ።

አንገቱን አስግጎ አየኝ። እሷን አስወጥቶ እኔን አስገባ።

የእኔም ቃል ተጽፎ ጠብቆኛል። ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ «ተማሪዎችን ስለ ውሃ እጥረት በማስተማሯ ምክንያት በከተማው ሁከት ተቀስቅሷል» ይላል። ሴቶቹ መንገድ ከዘጉ በኋላ ነው እኔ ያንን ትምህርት ያስተማርኩት፤ ይህን እሱም ያውቃል፤ እዚያው ወረቀት ላይ ሁለቱም ቀን ተጽፏል። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ለፊርማ ከተተወው ቦታ ይልቅ ወደዚያ ዓረፍተ ነገር ሄድኩና አሰመርኩበት። በሕዳጉ ላይ፣ የተማሪ ደብተር ሳርም እንደምጽፈው አድርጌ፣ «ውጤት ከምክንያቱ ቀድሞ አይመጣም። ተስተካክሎ ይጻፍ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን መለስኩለት።

አነበበው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። «መምህርት፣ ራስሽን ነው የምትጎጂው» አለኝ። ያለውም ልክ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የፈረሙትን ሴቶች ሰብስበው መከሯቸውና ለቀቋቸው። ያቺ ጀርባዋን የሰጠችኝ እናት ስትወጣ ሳመችኝ። ያልፈረምነው እኔና የጀልዴሳዋ ቀረን። እሷን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት፤ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔን ብዙ ከቆየሁ በኋላ አንድ ጠዋት «ዕቃሽን ያዢና ሂጂ» አሉኝ። ክስ አልነበረም። ይቅርታም አልነበረም።

ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ፤ ወደ ክፍል ግን አይደለም። ርዕሰ መምህሩ አቅፎ ሳመኝና «ለጊዜው የመጻሕፍት ክፍሉን ያዢልን» አለኝ። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላለቀም። የእኔን ክፍል የያዘው ወጣት መምህር ስለ ደን መጨፍጨፍ ያስተምራል። ልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን ሰምቼው አላውቅም።

የጀልዴሳዋ ሴት መውጣቷን የሰማሁት ከሌሎች ወተት ሻጮች ነው። ከተማ መምጣት ትታለች አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ወደ ጀልዴሳ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ስታየኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ ምንጣፍ አነጠፈችልኝ፤ ወተት ቀዳችልኝ። ከስታለች።

«ሴቶቹ ወዲያው ወጡ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ወዲያው ወጡ።»

«እኔ እዚያ እያለሁ እናቴ ሞተች። ሴት ልጇ እኔ ብቻ ነኝ። አጥቤ መገነዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጎረቤት ናቸው ያጠቧት።»

አላለቀሰችም። እንደ ማንኛውም ወሬ ነው የነገረችኝ። ወተቱ እጄ ላይ ቀረ። ያን ቀን መርማሪው ፊት ማድረግ የነበረብሽን ነው ያደረግሽው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የእኔ እናት ግን ያኔ ቤቷ በደህና ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።

ልሄድ ስነሳ፣ «መዓሊም፣ ስትመለሽ መጽሐፍ አምጪልኝ» አለችኝ። «የተረቱን አይደለም። የቢሮ አማርኛ ያለበትን።»

የሕግ መጻሕፍትና የቆዩ ጋዜጦች ወሰድኩላት። መኪና ባገኘሁ ቁጥር እሄዳለሁ። ከቤቷ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን እሷ ታነባለች፤ ያልገባት ቦታ ላይ ጣቷን ታቆማለች፤ እነግራታለሁ። አሁን ብዙም አትቆምም። ስለ ልጆች፣ ስለ ግመሎቿ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። የእናቷን መቃብር ግን አሳይታኝ አታውቅም።