ደስታን አሳልፈን የሰጠንበት ዕለት

እርጥብ ቄጤማ በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጄ ክርስትና ወለሉ ላይ ሲጎዘጎዝ ሽታው ደረሰኝና እንግዳውን ሁሉ ትቼ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ። ሰው እርጅና መሰለው። ንዴት ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ የባቡር ጣቢያውን ከከበቡ ጥቂት ቤቶችና ከግራር በቀር ብዙም ነገር ባልነበራት ዘመን፣ ከደብራችን ሰንበቴ የበለጠ የምወደው ነገር አልነበረም። ከቅዳሴ በኋላ ቄጤማው ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ባለተራው ያመጣውን ዳቦ እንጠብቃለን፤ የሰንበቴው አለቃ አባቴ ስለነበሩ ጸሎቱን ሲያስረዝሙት ዲያቆኑ ቆሞ ያንቀላፋል፣ እኛ ልጆች ደግሞ ዳቦውን በዓይናችን ቆርሰን እንጨርሰዋለን።

ደስታ የባላምባራስ ባሪያ ነበረች። ባላምባራስ የቆዳ ነጋዴ ነው፤ የደብራችንን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ያስለወጠው እሱ ስለሆነ ያኔ ሁላችንም አንቱ እንለው ነበር፤ እኔ ዛሬ አንተ ነው የምለው። ደስታ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ እናቷ ምን ብላ ትጠራት እንደነበር ማናችንም አልጠየቅናትም። ከእኛ ጋር ትቆርባለች፣ እናቴ የክርስትና እናቷ ናት፣ የእኔን ፀጉር ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትጎትተኝ፣ የአገሯን ዜማ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ትሠራኝ ነበር።

አንድ እሑድ ማለዳ ደወሉ ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ስንደርስ ደስታ የደወሉን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባላምባራስ የሰባት ዓመት ልጇን መቂ ለሚኖር የወንድሙ ልጅ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጥቶባት ነበር። በዚያ ዘመን ደወል ይዞ የተማጸነ ሰው እንደማይነካ ሕፃን ሁሉ ያውቅ ነበር።

«ልጄን መልሱልኝና ዕድሜ ልኬን ላገልግል» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

የደብሩ ሽማግሌዎች እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ። ባላምባራስ መጣና በወንጌል ማለ፤ በሦስት ቀን ልጅቷን ሊመልስ፣ እናቲቱንም ላይነካ። ከዚያ በፊት ያመለጠበትን አሽከር ምን እንዳደረገው አገር ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ማለዋል እኮ» ተባባሉ። ደስታ ገመዱን አልለቅም አለች። ይሄኔ አባቴ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺን ትወድሻለች፤ እጇን ይዘሽ አምጫት» አሉኝ።

ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁላት። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ከኋላዬ የቆመችውን እናቴን አየች፤ እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ደስታ ገመዱን ለቀቀች። መዳፏ ተልጦ ስለነበር ደሙ እጄን አረጠበው። ቄሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ምእመኑ በሙሉ አሜን አለ፤ እኔም አልኩ።

ሦስቱ ቀን ሳይሞላ በባላምባራስ ሰዎች ታስራ በዝዋይ በኩል መወሰዷን ሰማን። እሷንም ልጇንም ዳግም ያየ የለም። በሚቀጥለው እሑድ የሰንበቴው ተራ የባላምባራስ ነበር፤ ቄጤማው ተጎዘጎዘ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ሁላችንም በላን። የተናገረችው አንዲት እስላም ጎረቤታችን ብቻ ነበረች፤ አዴ ፋጡማ እናቴን በራችን ላይ አስቁማ፣ «እናንተ ዘንድ ደወል የያዘ አይነካም ትሉን አልነበር?» አለቻት። እናቴ ገብታ በሩን ዘጋች።

ካደግሁ በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ቄሱ የወሰኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው አሉ፤ አባቴ መሐላ ያፈረሱት ባላምባራስ ናቸው አሉ፤ እናቴ «ሁሉም ዝም ሲል እኔ ብቻዬን ምን ልበል?» አለችኝ። ይህ ሁሉም የሚባል ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ወላጆቼን እስከ ሞታቸው ጦሬአለሁ፣ ደብሩንም መሳለም አልተውኩም፤ ያ በልጅነቴ ዳቦ እየጠበቅሁ ለእነሱ የነበረኝ ፍቅር ግን አልተመለሰልኝም።

ዘንድሮ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በዕድሜ ልጄ ቢሆኑ ነው። «እማማ፣ ያኔ ሕፃን ነበሩ፤ አይቆጠርብዎትም» አሉኝ።

«ካልተቆጠረብኝ በደብሩ ላይ ይቁጠሩት፤ ቀኖናውን ለሁላችን ይስጡን» አልኳቸው።

«አንድ ደብር በሙሉ ንስሐ ሲገባ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«እኔም አላየሁም፣ አባቴ» አልኳቸውና ተነሥቼ ወጣሁ።