እርጥብ ሣር በመምህሩ ደጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊጀመር ሲል ነው። የምጽፈው ከራሴ ትውስታና አብሮኝ የነበረ ጎረቤቴ ካጫወተኝ ነው። በዚህ ዕድሜ ትውስታዬን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ያልተስማማንበትን ለይቼ እናገራለሁ። ቁጣዬ ግን ጥርጥር የለበትም።

በጋሞ ምድር፣ በሴቻ ሰፈራችን፣ ታደለ የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር አለ። በትምህርት ሥራ ያረጀሁ ነኝና ማስተማር የሚችለውን ከማይችለው እለያለሁ፤ ታደለ ይችላል። ደመወዙ ግን ወሩን አያደርሰውም። ስለዚህ ከከተማችን በታች ባለው ሐይቅ ዳር በአንድ የቱሪስት ማረፊያ ሎጅ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሊሆን ተስማማ። ክፍያው ከመምህርነቱ እጅግ ይበልጣል። ሳሙናና አንሶላ የሚጠብቅ ሰው ልጆቻችንን ከሚያስተምረው የበለጠ የሚከፈለው በምን ሚዛን ነው?

ወላጆች ሲሰሙ ደነገጡ። ከሁሉም የባሱት የሙዝ ነጋዴው አቶ ዳና ነበሩ። እኚሁ ሰው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በወላጆች ስብሰባ፣ «ራሳቸው የብቃት ፈተና እየወደቁ ደመወዝ ጨምሩልን የሚሉት በምን ሙያቸው ነው?» ብለው አዳራሹን አስቀው ነበር። ታደለ እዚያው ተቀምጦ ነበር። እሱ ፈተናውን ማለፉን ማንም አላነሣለትም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎች ከአቶ ዳና ጋር እርጥብ ሣር ይዘው እንዳይለቅ ሊለምኑት ወደ መምህሩ ቤት ሲሄዱ ለሽበቴ ሲሉ እኔንም ጨመሩኝ። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ በዚህ ባህል ደም ሳይፈስ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ።

«ሣሩን ለምን ደመወዙን ወደሚወስነው ቢሮ አንወስደውም?» አልኩ በመንገድ ላይ።

አቶ ዳና ሳቁ። «ጋሼ፣ ቢሮ ቢንበረከኩለት ‹ማመልከቻ አምጡ› ነው የሚለው!»

ደጁ ላይ እነሱ ሲንበረከኩ እኔ ቆሜ ቀረሁ። የታደለ ባለቤት ሕፃን አዝላ ወጣች።

«አባቶቼ፣ ሣር ይዛችሁ መጣችሁ? የእኔ ልጆች ሣር አይበሉም!»

«ልጄ፣ አትቆጪ» አሉ አቶ ዳና። «እሱ ከሄደ ልጆቻችንን ማን ያስተምርልናል?»

«ያን ቀን ስትስቁበትስ የማንን ልጆች ያስተምር ነበር?»

ይሄን ጊዜ ታደለ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ትልቁን ሽማግሌ በክንዳቸው ይዞ አነሣቸው። የተንበረከከን ሽማግሌ ማንሣት እሺታ ነው። ወዲያው ምርቃቱ ወረደ። ሚስቱ አሜን ሳትል ወደ ውስጥ ገባች።

ታደለ ሎጁን ተወው፤ ዛሬም በዚያው ደመወዝ ያስተምራል። አቶ ዳና «አስቀረነው» ይላሉ። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ብቁ መምህር ጠፋ ብለን እንጮኻለን፤ የተገኘውን ብቁ ደግሞ ከፍለን ሳይሆን ተንበርክከን እናስቀረዋለን። ለዕርቅ የተሰጠን ሣር የአንድ ቤተሰብ እንጀራ መዝጊያ አደረግነው። ደመወዙን በሚወስኑት ደጅ እስከዛሬ አንድም ጉልበት መሬት አልነካም።

አንድ ነገር ግን አላረጋገጥኩም። ጎረቤቴ ታደለ «እሺ» ሲል ሰምቻለሁ ይላል። እኔ አልሰማሁም። ትልቁ ሽማግሌ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ ምናልባት ታደለ ያነሣቸው አዝኖላቸው ብቻ ይሆናል።