ዕቃ የማይነሣበት ቤት

መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት ቤት ተቀጥሬ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተማርኩት መጥረግ አልነበረም። መጥረግማ እናቴ ቤት አሳምሬ ችዬው ነበር። "እዚህ ቤት ዕቃ ከቦታው አይነሣም" አሉኝ እማ፣ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ። "ካነሣሽውም ሳልነሣ መልሺው።"

እማ የምላቸው ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው። ባላቸው ነጋዴ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው አብረዋቸው በበቅሎ ከገበያ ገበያ ዞረዋል። ኋላ ባላቸው ሞቱ፣ የእርሳቸውም ዓይን ጠፋ፣ አንድ ልጃቸው ንግዱን ይዞ ደሴ ገባ። የቀጠረኝ እርሱ ነው። ሥራዬ እናቱ እንዳይወድቁ፣ እሳት እንዳይነካቸው፣ ቤታቸውም እንዳይቆሽሽ መጠበቅ ነበር። የእኔ ማተብና የእርሳቸው ሶላት አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ እማ ግን በገዛ ቤታቸው ውስጥ መንገደኛ ነበሩ፤ ዕቃውን ሁሉ ድሮ በዞሩባቸው ገበያዎች ስም ይጠሩታል። ከመደቡ ተነሥተው እጃቸውን ሲዘረጉ የውሃውን ጋን አንገት ያገኛሉ፤ እርሷ ወግዲ ናት። ከጋኑ አልፈው የበቅሎዋን ኮርቻ ይዳስሳሉ፤ ያ ከላላ ነው። በሩ አጠገብ ያለው የእንጨት ሳጥን ደግሞ አጅባር። ጠዋት ለሶላት ሊታጠቡ ሲወጡ ኮርቻውን መታ አድርገው "ዛሬ ከላላ ገበያው ቀዝቅዟል" ይሉኛል።

አንድ ቀን "ልምራዎት" ብዬ ክንዳቸውን ብይዝ እጄን በጥፊ መትተው አስለቀቁኝ። "እየመሩ ከሚወስዱኝ ተሸክመው ቢቀብሩኝ ይሻላል። ደጄን በገዛ እግሬ እስከደረስኩ ድረስ እመቤት ነኝ" አሉ። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን በእበት እለቀልቃለሁ። እስኪደርቅ ስለሚያንሸራትት ከመደቡ እንዳይወርዱ በወሬ እይዛቸዋለሁ። የሚተኙበትን ቁርበት፣ ጀንዲያቸውን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ ልብሳቸውን በእንዶድ አጥባለሁ፤ ቁንጫ ከዚያ ቤት ተስፋ ቆርጦ ወጣ ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ እህል ጠፋ፤ ከቆላው የተነሣ ሰው በደጃችን ያልፍ ጀመር። እማ ደጃቸው ድረስ ሄደው ለአላፊው ሁሉ ከእጃቸው ቆሎ ይዘግኑ ነበር። "ስጪልኝ" ብለውኝ አያውቁም፤ "ሰደቃ በሰው እጅ አይላክም" ይላሉ። ቆሎውም ወደ ማለቁ ሲደርስ ልጃቸው መጥቶ መጀመሪያ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ፣ ቀጥሎ ሳጥኑን፣ በመጨረሻ ጋኑን ሸጠ። አልፈርድበትም፤ ሁላችንም በዚያ ነው የከረምነው።

ሊመለስ ሲል ባዶውን ቤት ቃኘና "ይኸው፣ ከእንግዲህ የሚያደናቅፋት ነገር የለም፤ ለአንቺም መጥረጉ ቀለለልሽ" አለኝ። ጎረቤቱም እንዲሁ አለ። ዓይን ያለው ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው።

በማግስቱ እማ ከመደቡ ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ምንም የለም። ትንሽ ፈቀቅ አሉ፤ አሁንም ምንም። ስንት ዘመን በኖሩበት ቤት መሃል ቆመው "ያረቢ፣ የት ነው ያለሁት?" ሲሉ እኔ ደጅ እንጨት እፈልጥ ነበር። ሮጬ ስገባ ወደ ምድጃው ዞረዋል፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ተያይዟል። በእጄ አፍኜ አጠፋሁት። እግራቸው ጥቂት ተለበለበ። ልጃቸው ይህን ሲሰማ "ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ደሴ እወስዳታለሁ" ብሎ ላከ። እማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ፤ ቆሎ ፈላጊ በደጅ ሲጣራም አልተነሡም። ቤቱ እንደዚያ ጽድት ብሎ አያውቅም፤ እኔም እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

እናቴ የእህል ጎታ መሥራት አስተምራኝ ነበር። ጭቃ በጭድ አቦካሁ። የጋኑ ክብ አሻራ ወለሉ ላይ ገና አልጠፋም ነበርና እዚያው ላይ የጭቃ ጋን አቆምኩ፤ ውሃ አይይዝ፣ አፍ የለው፣ አንገት ብቻ። ሳጥኑ አላስቸገረኝም። ኮርቻው ግን አልሆንልኝ ብሎ የተኛ በግ መሰለ። ጠርዙ እንዳይቧጭራቸው ሁሉንም በእበት አለሰለስኩት።

እስኪደርቅ እንዲታገሡ ብለምናቸው ማን ሰምቶኝ። ተነሡ፤ እጃቸው ጭቃው ላይ ሲያርፍ ቀጥ አሉ።

"ወግዲ ዘንቧል እንዴ? ርሳለችሳ!"

ሳቁ። ክፉው ቀን ከገባ ወዲህ ሳቃቸውን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቀጠሉና ኮርቻውን ዳሰሱ። "ይኼ ደግሞ ከላላ አይደለም፤ በግ ማን አምጥቶ አሰረብኝ?" እያሉ በገዛ እግራቸው በሩን አገኙ። ነፋሱን በፊታቸው ተቀብለው "አላህ ይስጥሽ፣ የኔ ሸጋ፤ ደጄን መለስሽልኝ" አሉኝ። ብዙ ጥሩ ጠዋት አይቻለሁ፤ የሚናፍቀኝ ግን ያ ነው።

ንጉሡ ወርደው፣ ለአንድ ሰው አንድ ቤት የሚለው አዋጅ እስኪወጣ ድረስ እማ በዚያ መንገድ ተመላለሱ። ቤቱ በልጃቸው ስም ነበር፤ እርሱ የሚኖርበትን የደሴውን መረጠ። እማን በጭነት መኪና ከሾፌሩ ጎን አስቀምጦ ወሰዳቸው። እኔ ቤቱን ጠርጌ ቁልፉን ለቀበሌ አስረከብኩ። የጭቃ ዕቃዎቼን ለማፍረስ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ቆይቼ ልጠይቃቸው ደሴ ሄድኩ። የሲሚንቶው ወለል ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ ከአልጋቸው በቀር በክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር የለም። "እንዳያደናቅፋቸው ብዬ ነው" አለችኝ ምራታቸው፤ ደግ ሴት ናት። ስለ ጋኑና ስለ ኮርቻው ነገርኳት። ማታ ማታ ልጆቿ ወለሉ ላይ ስለሚተኙ ዕቃ የሚቆምበት ቦታ እንደሌለ አስረዳችኝ፤ እውነቷን ነው። እማ ከመጡ ጀምሮ ሰው ሳይመራቸው በሩ ጋ ደርሰው እንደማያውቁም ነገረችኝ። እርሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ በእንግዳ ቤት እንደተቀመጠ ሰው።

ሄጄ በአልጋውና በበሩ መካከል ቆምኩ። "እማ፣ ይነሡ እስቲ" አልኳቸው።

ተነሡ። እጃቸው ሲፈልግ ቆይቶ ትከሻዬን አገኘ፤ ዳሰሰው። "ወግዲ" አሉ ቀስ ብለው። ከእኔ ተነሥተው በሩ ደረሱ፣ ደጁን አሸተቱ፣ ተመለሱ። ደግመው ሄዱ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ምራታቸው እያየች ታለቅሳለች።

የመኪናው ሰዓት ደረሰ። መሄዴን ስነግራቸው እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጠበቅ አደረጉት።

"አንቺ ልጅ፣ በእኔ ቤት ዕቃ ከቦታው ይነሣል እንዴ?"

ልስቅላቸው ሞከርኩ። ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ እስከ አልጋቸው መራኋቸው። እጄን አልመቱኝም።