በጠራራ ፀሐይ የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ እኛ አገር ተረት በቀን አይነገርም ነበር። በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ግን ሁሉም ይፈራዋል። ስለዚህ ተረት የምንሰማው ከብቱ በረት ከገባ፣ ደጁ ከተዘጋና ኩራዙ ከበራ በኋላ ነበር። የሚያወሩልን የአባቴ አክስት፣ እማማ ዝማም ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ የነበራቸው ነገር ቢኖር ከቤታችን ጎን ያለች አንዲት ጎጆ፣ ቡሬ የምትባል አንዲት ላም፣ እና ማንም የማይችለው ምላስ ነው።

ያኔ፣ ሲመሽ፣ እኛ ልጆች ምድጃቸውን ከበን እንቀመጣለን። የሚነደው ኩበት ስለሆነ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ፍሙ ደግሞ ጉልበታችንን እያሞቀን፣ እሳቸው እሳቱን በስንጥር ቆስቆስ እያደረጉ ስለ ነብሩና ስለ ጃርቷ ይነግሩናል። ነብሩ አገሩ ሁሉ የሚጠጣበትን ምንጭ ይዞ ተኛበት። ድኩላ ልትለምነው ሄደች፣ ዝንጀሮ እጅ መንሻ ይዞ ሄደ፣ ጥንቸል መሬት ስማ ተመለሰች። ጃርቷ ግን ባዶ እጇን ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ምን ፈለግሽ?» አላት። «ውሃ» አለችው። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» «ራሴን።» እዚህ ላይ ነብሩ ተቆጥቶ አፉን ሲከፍት እኔ ዓይኔን እከድናለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም፤ እንቅልፍ ይጥለኛል።

እንቅልፍ የሚጥለኝ ሰነፍ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ውሃ የምንቀዳው ገደሉ ስር ካለ ኩሬ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጀሪካኔን አዝዬ እወርድና ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እመለሳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እንደገና። ያ ውሃ አልቅት ነበረበት፤ ከብቱም ሰዉም ከአንድ ኩሬ ነው የሚጠጣው። አራተኛ ክፍል ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቴ አራስ ናት፣ ወንድሞቼ ገና ጨቅላ ናቸው፣ ውሃው ደግሞ በራሱ እግር አይመጣም። «ውሃው ደጃችን ሲደርስ ትመለሳለች» አለ። ይህ ማለት «አትመለስም» ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ደብተሬን ግን አልጣልኩትም። ለምን እጥላለሁ? ገለባ ውስጥ ደበቅኩት።

አንድ ምሽት እማማ ዝማም ተረታቸውን ከጨረሱ በኋላ አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ እኔ ምድጃው ጥግ ተጋድሜያለሁ። በእንቅልፍ ልቤ እሰማቸዋለሁ። «ይቺ ልጅ ነብሩ አፉን በከፈተ ቁጥር ትተኛለች» አሉት። «አንድ ተረት ሳትጨርስ ልታረጅ ነው እንዴ?» አባቴ ስለ ውሃው ነገራቸው። እሳቱን መቆስቆስ ተዉ። እማማ ዝማም ሲናገሩ ሳይሆን ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።

በዚያው በጋ ከወረዳ አንድ የውሃ ባለሙያ መጣ። ከመንደራችን በላይ፣ ከተራራው ስር የሚፈልቀውን ምንጭ አየና፣ ጎልብቶ በቧንቧ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጅ ሊወርድ ይችላል አለ። ቧንቧውና ሲሚንቶው ከእነሱ፣ ጉልበቱ፣ ድንጋዩና የግንበኛው ክፍያ ከእኛ። ክረምት ሳይገባ ድርሻችንን ካላዋጣን ቧንቧው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ሰው ወይራው ስር ተሰበሰበ። በዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ በልቶት ስለነበር የተዋጣው ከግማሽ አልደረሰም። «ዘንድሮ ሰው ምን አለው?» እያሉ አንድ ባንድ መነሳት ሲጀምሩ እማማ ዝማም በዱላቸው መሬቱን መቱ።

«አርብ ገበያ እወርዳለሁ» አሉ።

«ምን ሊሸጡ?» አላቸው አያ መኮንን። በመንደራችን የእሱን ያህል ከብት ያለው አልነበረም።

«ተረት።»

ሰው ሳቀ። አያ መኮንን ግን አልሳቀም። «በቀን? ኧረ በማርያም! ከብታችንን ሊያስጨርሱን ነው?»

«ታዲያ ገበያው በማታ ይቆማል እንዴ? የማወራው እኔ፣ ከጠፋችም የምትጠፋው የእኔ ላም። አንተን ምን አገባህ?»

አርብ ቀን አህያ እየነዳሁ አብሬያቸው ወረድኩ፤ ውሃውን ያን ቀን ጎረቤት ቀዳልን። ጨርቅ ተራ ላይ ሰይድ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ሸራው ጥላ ስር ቦታ ለቀቀላቸው፣ ባዶ ጆንያም ሰጣቸው። እማማ ዝማም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙና «ተረት ተረት!» ብለው ጮሁ። መልሱ «የላም በረት» መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም፤ በጠራራ ፀሐይ አፉን ከፍቶ የሚመልስ ግን ጠፋ። ገበሬው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ ሰይድ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ሳቀ። «እኔ ላም የለኝም፣ ምን እፈራለሁ? የላም በረት! ይንገሩን እማማ!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

እንዴት አድርገው እንዳወሩት! ነብሩን ሆነው ሲያገሱ አህያችን ደነበረች። ነብሩ አፉን ሲከፍት ግን ቀጥ አሉ። «ቀሪው በሚቀጥለው አርብ። እስከዚያ ይሄ ጆንያም አፉን ከፍቷል፤ የልጆች ውሃ ነው።» ሰው እያጉረመረመም እየሳቀም አንድ ጣሳ ገብስ፣ አንድ ጣሳ ባቄላ ጨመረ። ጆንያው ሞልቶ ተመለስን፤ እኔ መንገዱን ሙሉ ስዘፍን ነበር።

እሑድ፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ቡሬ ጠፋች።

የምር ጠፋች። መንደሩ በሙሉ ሦስት ቀን ገደል ለገደል ፈለጋት። ጅብ ይብላት፣ ሌባ ይንዳት፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አያ መኮንን «አላልኩም?» እያለ ከቤት ቤት ዞረ። አንዱማ የሰጠውን ባቄላ ሊያስመልስ መጣ። አባቴ «ይበቃናል እማማ፤ እርስዎም ከዚህ በላይ አይጎዱ» አላቸው። እኔ ገለባው ውስጥ ገብቼ ደብተሬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ያዘንኩት ለላሟ አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር፣ ለራሴ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በረታቸው ውስጥ አገኘኋቸው። የቡሬን ገመድ ይዘው፣ ባዶው በረት መሀል ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ሲያዩኝ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አለቀስኩላት፤ አሁን በቃኝ» አሉ። «ለነገ አህያዋን አዘጋጂ።»

«ውሃውስ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ውሃ ልናመጣ አይደል የምንሄደው?»

በማግስቱ ላሟ የጠፋችባትን ሴትዮ ለማየት ከመጀመሪያው አርብ የበለጠ ሰው መጣ። አያ መኮንንም ጥግ ይዞ ቆሟል። «ተረት ተረት!» አሉ። ጸጥ። ሰይድ እንኳን በሐዘን አንገቱን ደፋ። «ተረት ተረት!» አሁንም ጸጥ። ያኔ እማማ ዝማም የቡሬን ገመድ ከብብታቸው አውጥተው ወደ ላይ አነሱት።

«የላም በረት በሉ እንጂ! ባዶ የሆነው የእኔ በረት ነው፤ የእናንተ መች ጎደለ? ተረቱ ላም ፈለገ፣ ላም በላ፣ ጠገበ። ለሁላችሁም ከፍዬላችኋለሁ!» ከዚያ እጄን ይዘው መሀል አቆሙኝና ጀርባዬን ወደ ሰው አዞሩት፤ የጀሪካኑ ገመድ የላጠው ትከሻዬ በቀሚሴ አንገት በኩል ይታይ ነበር። «ላሜን ሦስት ቀን ፈለጋችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺ ልጅ በየቀኑ ገደል ስትገባ ግን ማን ፈለጋት? ከትምህርት ቤት ከጠፋች ስንት ጊዜዋ! እስቲ ይቺንም ፈልጉልኝ!»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አንዲት ቅቤ ሻጭ ሴት «የላም በረት!» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ ሰይድ። ቀጥሎ ከእህል ተራ፣ ከጨው ተራ፣ ከየት እንደሆነ የማላውቀው ድምፅ ሁሉ። እኔም ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። ያን ቀን ጆንያ አልበቃንም፤ እኔም እህሉን ስሰበስብ የተረቱ መጨረሻ አመለጠኝ። አያ መኮንን ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ አንድ ወጠጤ ከአህያችን ጋር አሰረልን፤ እኔ አይደለሁም እያለ እስከ ዛሬ ይክዳል።

ግንቦት ሲገባደድ ትምህርት ቤቱ ደጅ የተተከለው ቦኖ ተከፈተ። መጀመሪያ ሳል የያዘው ይመስል ኡሁ ኡሁ አለ፣ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ብሎ ወረደ። ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ እማማ ዝማምን ቀሚሳቸውን ይዤ «ከዚያስ?» አልኳቸው። «ነብሩ አፉን ከፈተ፤ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ያደርጋል?» አሉ፣ ከቧንቧው በእፍኛቸው እየጠጡ። «እሾኳን አየና መንከስ ፈራ፤ ያንን ሁሉ አግስቶ መልሶ መዝጋትም አፈረ። ዛሬም እንደከፈተው ነው። ጃርቷ ጠጥታ ሄደች።»

መስከረም ላይ፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በአንድ ራስ በልጬ፣ አራተኛ ክፍል ተመልሼ ገባሁ። ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። እማማ ዝማም ካረፉ ቆይተዋል፤ የቡሬ ገመድ እኔ ዘንድ ነው። ከተረቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ያ ሐሙስ ነው፤ ፈርተው እንደነበር አሁን ይገባኛል። ሳይፈሩ አልነበረም የወረዱት።

ዘንድሮ ክፍል አንሶን ትንንሾቹ ዳስ ውስጥ ይማራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ። ወጣቶቹ በስልክ ባሕር ዳር ካሉት የአገር ልጆች አሰባሰቡ፣ አልሞላም። በስብሰባው ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «ዘንድሮ ሰው ምን አለው?» አለ። ያችን ንግግር አውቃታለሁ። ደሜ ፈላ።

ባለፈው አርብ ገመዱን ይዤ ጨርቅ ተራ ቆምኩ። ሱቁን የያዘው የሰይድ ልጅ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፀኝ ጀመር። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። «ተረት ተረት!» አልኩ። ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ማንም አልመለሰም። እኔም አልተነቃነቅኩም። ያኔ ከሱቁ ውስጥ፣ ከጨርቁ ክምር ኋላ፣ አንድ ያረጀ ድምፅ መጣ።

«የላም በረት! ይንገሩን እማማ!»